ጋሊሊዮን ሶፍትዌር አዳናት አትበሉኝ

በእኛ ሰፈር፣ ማለትም ኮድ በሚጻፍበት ሰፈር፣ እንደ ተረት የሚወራ አንድ ታሪክ አለ። ሰምታችሁት ይሆናል። ናሳ ወደ ጁፒተር መንኩራኩር ላከ። መንገድ ላይ ዋናው አንቴና አልከፈት አለ። ተልዕኮው አለቀለት ሲባል ጥቂት ፕሮግራመሮች ቁጭ ብለው ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጻፉት፤ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠር ኪሎሜትር ርቀት ላይ እያለች አፕዴት አደረጓት፤ መንኩራኩሯ ዳነች። ጭብጨባ። ተራኪው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፦ «አያችሁ አይደል? ሃርድዌር ሲወድቅ ሶፍትዌር ያነሳዋል።»

እኔም ተርኬዋለሁ። አንድ ጊዜ ለአዳዲስ ዲቨሎፐሮች ባቀረብኩት ገለጻ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቡና እየጠጣን «ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምረህ ለምን ኮድ ትጽፋለህ?» ብሎ ለጠየቀኝ ዘመድ። ዛሬ የምጽፈው ቃሌን ለማንሳት ነው። ታሪኩ ውስጥ የተፈበረከ ነገር የለም፤ ተነጥሎ ሲታይ ሁሉም ነገር ሆኗል። ችግሩ ከመሃል መጀመሩ ነው። ከመሃል የሚጀምር ታሪክ ጥፋቱንም ባለውለታውንም ይደብቃል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው እንነሳ። ዓመታቱን በሙሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጋሊሊዮ ጥቅምት 18 ቀን 1989 ዓ.ም. በአትላንቲስ የጠፈር ሸትል ተጭና ከፍሎሪዳ ተነሳች። አጠቃላይ ወጪዋ ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ነው። ዋናው አንቴናዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ነበር፦ 18 ዘንጎች፣ በላያቸው ላይ የተወጠረ በወርቅ የተለበጠ የሞሊብዲነም ሽቦ መረብ፣ ሲዘረጋ 4.8 ሜትር ስፋት። ሚያዝያ 11 ቀን 1991 «ተከፈት» የሚል ትዕዛዝ ተላከ። ሞተሮቹ ተነሱ፤ ከዚያ ቆሙ። ጃንጥላው በአንድ በኩል ሲዘረጋ በሌላው በኩል ተያዘ። መሐንዲሶቹ የደረሱበት ግምት ይህ ነው፦ ሦስት ያህል ዘንጎች አልለቀቁም። ዘንጎቹ ታጥፈው ሳሉ ከመሃል ምሰሶው ጋር የሚያገናኟቸው ትንንሽ የቲታኒየም ፒኖች አሉ። እነሱ ከማረፊያቸው አልወጡም። ተነክሰው ቀሩ።

ለምን ተነከሱ? በምርመራው ሚዛን የደፋው መልስ አንድ ነው፦ ፒኖቹ ላይ የነበረው ደረቅ የማለስለሻ ሽፋን ከምድር ሳይነሱ አልቆ ነበር።

በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ፣ ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ ኮድ ያስከፈለው ከፀጉር የሚቀጥን ሽፋን ነው።

ጠጣር ማለስለሻ ምን እንደሆነ ለማወቅ ህዋ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ እንጀራ ሲጋገር ማየት ይበቃል። ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል። ለዓይን የማይሞላ ሽፋን ይይዛል። ሊጡ የሚያርፈው በዚያ ሽፋን ላይ ስለሆነ እንጀራው ሲበስል ተላቆ ይነሳል። ሽፋኑ ካለቀ ይያያዛል። እናቴ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የወጣ ምጣድ ላይ ዝም ብላ ሊጥ አታፈስም። ታስሰዋለች፣ ትሞክረዋለች፣ የመጀመሪያዋ እንጀራ የምጣድ ማሟሻ ትሆናለች። ይህን ማንም በወረቀት ጽፎ አልሰጣትም። ግን ምጣድ ያስቀመጠችበትን ጊዜ ትቆጥራለች።

ህዋ ላይ የጎመን ዘሩን ቦታ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ነው። ጥቁር ግራጫ ነገር ነው፣ ሲነኩት እጅ ያቆሽሻል። አወቃቀሩ እንደ መጫወቻ ካርታ ነው፦ አንድ ረድፍ ሞሊብዲነም በሁለት የድኝ ረድፎች መሃል ተቀብሮ አንድ ገጽ ይሆናል። ገጹ ውስጥ ያለው ትስስር ጠንካራ ነው፤ በገጽና በገጽ መሃል ያለው ግን ደካማ። ሲገፉት ገጾቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታሉ። አንዳንዱ ሽፋን 1 ማይክሮሜትር እንኳን አይሞላም።

«ለምን ዘይት ወይም ግራሶ አይቀቡትም?» ትሉ ይሆናል። የሚቀባበት ቦታ አለ፣ ለህዋ ተብለው የተሠሩ ዘይቶችም አሉ። ግን አየር በሌለበት ዘይት ቀስ በቀስ ይተናል፤ የተነነው ሄዶ ሌንስ ላይ ያርፋል። ብርድ ሲበረታ ደግሞ ይደርቃል። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ላይ ሚሪ የሚባለው መሣሪያ ከ7 ኬልቪን በታች፣ ማለትም ከዜሮ በታች 266 ዲግሪ ገደማ ነው የሚሠራው። በዚያ ብርድ ዘይት ማለት ድንጋይ ማለት ነው። እዚያ የሚዞሩት ጎማዎች ኩሽኔታቸው ደረቅ ነው የሚለሰልሰው።

ሽፋን ባይኖርስ? ምድር ላይ ብረት ሲፋቅ ኦክስጅን ወዲያው አዲስ ቆዳ ያለብሰዋል። ሁለት ብረቶች ሲነካኩ በአብዛኛው የሚነካኩት ቆዳቸው ነው። ህዋ ላይ ግን የተፋቀው እንደተፋቀ ይቀራል። ሁለት ራቁታቸውን የሆኑ ብረቶች ተጫጭነው ሲፋተጉ እሳትም ማሽንም ሳያስፈልግ ይያያዛሉ። ቀዝቃዛ ብየዳ ይባላል። ቲታኒየም በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው።

አሁን እኛን ዲቨሎፐሮችን የሚመለከተውን ነገር ስሙኝ።

ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ በእኛ አየር ውስጥ እንደ በሽተኛ ነው። እርጥበት አይወድም። ህዋ ላይ ሰበቃው በጣም ዝቅተኛ ሆኖ፣ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ግን ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ሽፋኑም ቶሎ ይበላል። ሲያልቅ ደግሞ አልቋል፤ እንደ ዘይት ከጎን ፈስሶ ክፍተቱን አይሞላም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታያላችሁ? ምድር ላይ የምታደርጉት እያንዳንዱ ሙከራ ከዕድሜው ይቀንሳል። ጃንጥላውን «እስቲ ይከፈት እንደሆነ» ብላችሁ በከፈታችሁት ቁጥር ለጁፒተር ካስቀመጣችሁት ላይ በላችሁ።

እኛ ይህን የሚመስል ነገር በሕይወታችን አጋጥሞን አያውቅም። ቴስት በቀን አራት መቶ ጊዜ ብናስኬድ ኮዱ አይሳሳም። አንድ ፋይል አሥር ዓመት ተቀምጦ ቢከፈት ፊደሎቹ አልተፋቁም። ዓለም በሙሉ እንዲህ የሆነ ይመስለናል። ስህተት ሲገኝ ይስተካከላል፣ እስከዚያ ሰው ይጠቀምበት፤ ይህ የሥራችን ጠባይ ነው። ጠባይ ሆኖ ቢቀር ምንም አልነበረም። እምነት ሲሆን ነው የሚከፋው።

አሁን ወደ ፒኖቹ እንመለስ። ጋሊሊዮ እንድትነሳ ታቅዶ የነበረው በግንቦት 1986 ነበር። በዚያው ዓመት ጥር 28 ቀን ቻሌንጀር ከነሰባት ሰዎቿ ተቃጠለች፤ የሸትል በረራ ሁሉ ቆመ። ፍሎሪዳ ደርሳ የነበረችው ጋሊሊዮ ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰች። ዓመታት ጠበቀች። ከዚያ እንደገና ወደ ፍሎሪዳ። እነዚህ ጉዞዎች በሙሉ በጭነት መኪና ነበሩ። አንዱ መንገድ ብቻ ወደ 4000 ኪሎሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሁለት ጊዜ ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። በየጎማው ንቅናቄ ፒኖቹ ማረፊያቸው ውስጥ ይርገፈገፋሉ፤ አየር ውስጥ፣ ሽፋኑ በማይወደው አየር ውስጥ። ተይዘው የቀሩት ዘንጎች ደግሞ በጭነት መኪናው ወለል በኩል የነበሩት ናቸው።

በአውሮፕላን ቢሆን ኖሮ? በአንድ ጉዞ ወደ 65,000 ዶላር ይጨምር ነበር። ለሐቅ ያህል፣ ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ አውሮፕላን ላይ መጫንና ማውረዱ ራሱ ለጉዳት ያጋልጣታል ተብሎ ተሰግቷል። ምክንያታዊ ሰዎች ናቸው ምክንያታዊ ውሳኔ የወሰኑት። ይህን አልክድም።

የምለው ሌላ ነው። ማለስለሻው የተቀባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም መንኩራኩሯ ከመነሳቷ አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። በመሃል ጉዞ፣ ማከማቻ፣ እንደገና ጉዞ። በድጋሚ አልተቀባም። መለዋወጫ አንቴና ስላልነበረ እንዳይጎዳ ተብሎ ሙከራውም ተቆጥቦ ነበር። በሌላ በኩል ይኸው ዓይነት ጃንጥላ ናሳ ለመገናኛ በሚጠቀምባቸው ቲዲአርኤስ ሳተላይቶች ላይ ያለችግር ተከፍቷል። «እዚያ ሠርቷል።» ይህን ዓረፍተ ነገር አታውቁትም? «እኔ ኮምፒውተር ላይ እኮ ይሠራል» ከሚለው በምን ይለያል? ዲዛይኑ አንድ ነው፤ ያሳለፉት ዕድሜ ግን አንድ አይደለም። የቲዲአርኤሱ ጃንጥላ እንዲህ ሲመላለስና ሲቀመጥ አልኖረም፤ ምድርን ሳይለቅ ይከፈታል። የጋሊሊዮ ግን ቬነስን ዞሮ ነው የሚሄደው። ከቻሌንጀር በኋላ የተመረጠው አዲስ መንገድ ወደ ፀሐይ የሚያስጠጋ ስለሆነ፣ አንቴናው በሙቀቱ እንዳይጎዳ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በላይ ታጥፎ መቆየት ነበረበት።

ከርሞ የወጣ ምጣድ ላይ ሊጥ ፈሰሰ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ያሳዝናል። መንኩራኩሯን ወደ ፀሐይ አዞሩ፣ ከፀሐይ አዞሩ፤ ብረቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሲለጠጥና ሲኮማተር ፒኑ ይለቅ እንደሆነ። አልለቀቀም። ሞተሮቹን ከ13,000 ጊዜ በላይ እያነሱና እያቆሙ እንደ መዶሻ አስመቷቸው። አልለቀቀም። አንድ ሰው በእጁ አንድ ጊዜ ቢነካው ኖሮ ይለቅ ይሆናል። ግን ሰው እዚያ የለም።

እሺ፣ ሶፍትዌሩስ? መልካም፣ የሚገባውን እንስጠው፤ ምክንያቱም የሚገባው ብዙ ነው። ዋናው አንቴና በሰከንድ 134,400 ቢት ሊልክ ነበር የታሰበው። የቀረው ትንሹ አንቴና ምንም ካልተደረገለት ከጁፒተር በሰከንድ 10 ቢት አካባቢ ነው። ቁጥሩን ወደ ሰው ቋንቋ ልመልሰው። የጋሊሊዮ ካሜራ አንድ ፎቶ 800 በ800 ነጥብ ነው፣ በነጥብ 8 ቢት፤ ሲባዛ 5,120,000 ቢት። በዋናው አንቴና 38 ሰከንድ። በትንሹ ስድስት ቀን ገደማ። ለአንድ ፎቶ!

እና ሰዎቹ ቁጭ ብለው ሠሩ። ምስል የሚያምቅ፣ ስህተት የሚያርም አዲስ ኮድ ጻፉ፤ በ1970ዎቹ በተሠራ ማይክሮፕሮሰሰር ላይ የሚሮጥ ኮድ፣ የዛሬ የእጅ ሰዓት የሚስቅበት። ልከው ጫኑት፤ ሠራ። ፍጥነቱ እስከ 160 ቢት ደረሰ፣ ከማመቂያው ጋር ሲደመር ደግሞ ጥቅሙ ከዚያም ይበልጥ ነበር። ጋሊሊዮ ከታሰበላት የሳይንስ ግብ ወደ 70 በመቶውን አሳካች። ዛሬ በዩሮፓ በረዶ ሥር ውቅያኖስ አለ ብለን የምናወራው በብዛት በእሷ ልኬት ነው። ይህን የሠሩትን ሰዎች አከብራለሁ። እንደነሱ ዓይነት ኮድ የመጻፍ ዕድል ባገኝ ደመወዜን እተዋለሁ።

ግን ሦስት ነገር ልብ በሉልኝ።

አንደኛ፣ 160 ማለት 134,400 አይደለም። 840 እጥፍ ይለያያል። 70 በመቶ ማለትም 30 በመቶ ቀረ ማለት ነው፤ ጁፒተር ተነስቶ እኛ ዘንድ አይመጣም። የጠፋው አልተመለሰም። ጉዳቱ የሚቻል እንዲሆን ነው የተደረገው። ማዳንና ማስታመም ይለያያሉ።

ሁለተኛ፣ «ሶፍትዌሩ ብቻውን» የሚባል ነገር አልነበረም። አዲሱ ዕቅድ የቆመው ሁሉንም ነገር መጀመሪያ በቴፕ ቀድቶ ቀስ ብሎ በመላክ ላይ ነው። ቴፕ መቅጃ ማለት ደግሞ ሌላ የሚሽከረከር ዕቃ ነው። ጁፒተር ሊደርሱ ሁለት ወር ሲቀራቸው፣ በጥቅምት 1995፣ እሱም ወደ ኋላ ሲጠቀልል ተያዘ። ሲነሳ እንዳይደገም ተፈርቶ በመዳረሻው ቀን አዮንና ዩሮፓን በቅርብ ለማንሳት የታቀደው ምስል ተሰረዘ። ደካማዋን ድምፅ ምድር ላይ የሚሰሙትስ? ጎልድስቶን ካሊፎርኒያና ካንቤራ አውስትራሊያ ያሉት 70 ሜትር ስፋት ያላቸው ሳህኖች ናቸው። እነዚያ በሚሊዮን ኪሎ የሚመዝኑ ግዙፍ ነገሮች የሚዞሩት በምን ላይ ይመስላችኋል? ከ1 ሚሊሜትር በቀጠነ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፈው ነው። ኮዳችን ታሪክ ሲሠራ ከሥሩ አንድ ሰው ዘይቱን ይቆጣጠር ነበር። የእሱን ታሪክ በገለጻዬ ላይ አላወራሁም።

ሦስተኛ፣ ሰው በሚደርስበት ቦታ የሆነውን እዩ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የፀሐይ ክንፎቹን ፀሐይን እንዲከተሉ የሚያዞር ትልቅ መገጣጠሚያ አለ። በ2007 በቀኝ በኩል ያለው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በጥቅምት ወር ጠፈርተኛው ዳንኤል ታኒ ወጥቶ መክደኛውን ሲያነሳ የብረት ፍቅፋቂ አገኘ። እዚያም ነገሩ ማለስለሻ ነበር፦ ሮለሮቹ ላይ የነበረው ስስ የወርቅ ሽፋን ሥራውን በወጉ አልሠራም፣ ሰበቃው በረታ፣ የቀለበቱ ጠንካራ ገጽ ተቀረፈ። ሶፍትዌር ማድረግ የቻለው መገጣጠሚያውን ማቆም ነው። ያስተካከለው ምን መሰላችሁ? በኅዳር 2008 ጠፈርተኞች ወጥተው በጨርቅ ጠረጉት፣ ግራሶ ቀቡት፣ ኩሽኔታዎቹን ቀየሩ። እኛ አገር ጋራዥ በር ላይ «እጥበትና ግራሶ» ተብሎ የሚጻፈው፣ ቃል በቃል። ከመካከላቸው ሃይደማሪ ስቴፋኒሺን ፓይፐር የያዘችው የግራሶ መሣሪያ ቦርሳዋ ውስጥ አፈሰሰባት፤ ስትጠርግ ቦርሳው አመለጣትና ህዋ ላይ ቀረ። ያኔ ዓለም የሳቀው በቦርሳው ነው። እኔ አሁን የማየው ግን ምድርን እየዞረች፣ በወፍራም ጓንት፣ ለሰዓታት ግራሶ የምትቀባ አንዲት ኢንጂነር ነው።

ታዲያ ታሪኩ ለምን ከመሃል ይጀመራል? ኮድ መጻፍ ጀግና አለው፤ መቀባት የለውም። ሰበቃን፣ መበላትንና ማለስለሻን የሚያጠናው ሙያ ትራይቦሎጂ የሚል ስም እንኳን ያገኘው በ1966 ነው፤ እንግሊዝ አገር ፒተር ጆስት የመሩት ሪፖርት በተገቢ ማለስለስ ብቻ አገሪቱ በዓመት ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ልታድን እንደምትችል ሲያሳይ። ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድን በቫኪዩም ክፍል ውስጥ እየረጩ በስሱ የመለበጥን ዘዴ በ1960ዎቹ መጨረሻ ናሳ ክሊቭላንድ ውስጥ ከሠሩት አንዱ ታሊቫልዲስ ስፓልቪንስ ነው። ይህን ስም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ትራይቦሎጂ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ አልፌ፣ አልሰማሁም ነበር። የትዊተርን መሥራች ስም ግን እንቅልፍ ላይ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

«ነገሩ ስለ ሃምሳ ማይክሮሜትር ምናምን ሆነ እኮ፣ ምን ታካብዳለህ?» የሚል ይኖራል። ሌላው ደግሞ ጠንከር ያለ ክርክር ያመጣል፦ ሽፋኑን እንደገና ለመቀባት አንቴናውን መፍታት ነበረባቸው፤ መፍታቱ ራሱ አደጋ አለው፤ መሞከሩ ሽፋኑን ይበላል፤ ታዲያ ምን ያድርጉ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴ «ቀላል ነበር» የሚል አይደለም። ከባድ ነበር፤ ለዚያ ነው እንደ ከባድ ነገር መያዝ የነበረበት። ለዚያ ሽፋን የዕድሜ ሂሳብ ይያዝለት ነበር፦ ስንት ጊዜ ተከፈተ፣ ስንት ኪሎሜትር ተጓዘ፣ ስንት ዓመት ተቀመጠ፣ ምን ቀረው። ነዳጅ በግራም ይቆጠራል፤ ኤሌክትሪክ በዋት ይቆጠራል፤ የተቀባው ነገር ግን አንዴ ከተቀባ «አለ» ተብሎ ይታለፋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቅጠል ይዞ የሚቆመው ሰው ግን ከበጀቱ ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘው ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። የራሴን ልናገር።

ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ፋብሪካ የፓምፖችን ንዝረት የሚከታተል ሲስተም ሠርተን ነበር። ሴንሰሩ ይለካል፣ ሰርቨሩ ይቀበላል፣ ካለፈ ለኃላፊው ስልክ ላይ መልእክት ይደርሳል። አንደኛው ፓምፕ በየሌሊቱ መጮህ ጀመረ። ሄጄ አየሁት። እዚያ የነበሩት መካኒክ ከአባቴ በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ናቸው። ረጅም ካቻቪቴ አውጥተው ጫፉን ኩሽኔታው ቤት ላይ ተከሉ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ና ስማው» አሉኝ።

ሰማሁ። አሸዋ የሚያኝክ ጥርስ ይመስላል።

«ደርቋል ልጄ። ግራሶ አላገኘም፣ መፈታት አለበት። እኔ ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ። አንተ ኢንጂነር ነህ፣ አንተን ይሰሙሃል፤ ንገርልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ የሶፍትዌሩ ነኝ» አልኳቸው።

ኃላፊው የፈለገው ሌላ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅሰው መልእክት እንዲቆም። ገደቡ በሰከንድ 4.5 ሚሊሜትር ነበር፤ 7.1 አደረግኩት። የአንድ መስመር ለውጥ። ቴስቱ አለፈ። ዲፕሎይ አደረግኩ። ለሁለት ሳሚንት ያህል ሲስተማችን በጣም ጥሩ ነው ተባለ፤ ከዚያ አንድ ሌሊት ኩሽኔታው ነክሶ ቆመ፣ ዘንጉን ይዞ ሄደ። የፋብሪካው ሥራ ቀናት ቆመ። የተወቀሱት ማን ይመስላችኋል? እኔ አይደለሁም። የእኔ ሲስተም ሊነክስ ሲል መልእክት ልኳል፤ መዝገቡ ላይ አለ። «ጥገናው ምን ይሠራ ነበር?» ተባለ።

ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ «ነግረውኛል» አላልኩም። ያንን ዝምታ ነው በኋላ በገለጻዬ ላይ በጋሊሊዮ ታሪክ የሸፈንኩት። ሃርድዌር ሲወድቅ ሶፍትዌር ያነሳዋል! አንስቶት አያውቅም። እኔ ባየሁት ቦታ ሶፍትዌር ሲወድቅ እንዳንሰማ ነው ያደረገን።

ስለዚህ እንደኔ ኢንጂነሪንግ ተምራችሁ ወደ ኮድ የገባችሁ፣ ወይም ልትገቡ የተዘጋጃችሁ፣ ግቡ። እኔም አልወጣም፤ ሥራውን እወደዋለሁ፣ ደመወዙንም እወደዋለሁ። የጋሊሊዮን ታሪክ ግን ስትነግሩ ከጭነት መኪናው ጀምሩ። ሲስተም ስትሠሩ ማንቂያውን ዝም የማሰኘት ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ ያደረገው ሰው ካልሆነ ዲዛይኑ ገና አላለቀም። አንድ ሰው «በኋላ በአፕዴት እናስተካክለዋለን» ሲላችሁ፣ የሚስተካከለው ነገር ኮድ ነው ወይስ የሚነካካ ገላ ያለው ነገር፣ መጀመሪያ ያንን ለዩ።

ያቺ የአንድ መስመር ለውጥ ዛሬም አለች። ትናንት ፈልጌ አየኋት። 4.5 ተሰርዞ 7.1 ተጽፏል፤ ከጎኑ ስሜ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ። ለውጡን ያደረግኩበት ምክንያት በራሴ ቃል ተጽፏል፦ «አላስፈላጊ ጩኸት ለመቀነስ»።